የኢቫር የዘገየ ሳቅ

ኤልም ፎርክ፣ ነብራስካ
ኦክቶበር 14 ቀን 1968

ለተወደድከው ለሮይስ፣

ይህ ደብዳቤ በደህና ይድረስህ፤ አንተንም በደህና ያግኝህ። የምትኖርባትን ካሊፎርኒያንም እግዚአብሔር ከመንቀጥቀጥ ያሳርፍልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በቆሎው ተሰብስቦ አልቋል፤ ነፋሱ ግን አላለቀም።

ይህች ሴትዮ ማን ናት እንዳትል፣ የኢቫር ሊንድኲስት ሚስት ኦርፋ ነኝ። እናትህ ሲግኔና ኢቫር የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። በስድስት ዓመትህ እዚህ መጥተህ፣ ኢቫር በእህል ጎተራው የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አቁሞ መዝኖህ ነበር። ያ ሚዛን ለልጅ ክብደት አይነቃነቅምና «ባዶ» የሚል ደረሰኝ ጽፎ ሰጠህ። አንተም ስታለቅስ ዋልክ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እናትህ ለቴሌቪዥን በሚሠራ የድምፅ ድርጅት ሥራ መያዝህን ነግራኛለች። ሐሙስ ሐሙስ የሚታየውን «ዶክተሩና ግመላቸው»ን መቼም ታውቀዋለህ። የጥርስ ሐኪሙ ጋራዥ ውስጥ ግመል ደብቆ የሚያኖርበትን። እኔ ለግመል ግድ የለኝም። የማየው የኢቫር እህት ሁልዳ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ገዝታ፣ ካልመጣሽ ብላ ስለምትጨቀጭቀኝ ነው። ሐኪሙ በእሷ ቴሌቪዥን አረንጓዴ ነው። «መልኩ ነው» ትላለች።

ባለፈው ሐሙስ ግመሉ የከንቲባውን ባርኔጣ በላ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ አለቀ። ሁሉም ዝም ካለ በኋላ አንድ ሰው ለብቻው ሳቀ። ሮይስ፣ ያ ሰው ኢቫር ነው።

አላበድኩም። ኢቫር ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የቀበርኩትም እኔ ነኝ። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ሳቅ ይጠፋኛል? አፍንጫው ውስጥ ይጀምርና እንደ ዛገ የጎተራ በር ሲጮህ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ደግሞ ኢቫር ቀልድ የሚገባው ዘግይቶ ነው። የሰኞው ቀልድ እሮብ ያስቀዋል። ፓስተሩ በፋሲካ ያወሩትን ጨዋታ በሰኔ፣ በገዛ ወንድሙ ቀብር ላይ ስቆበት፣ የምገባበት ጠፍቶኝ ነበር።

ለሁልዳ ነገርኳት። ቴሌቪዥኑን ዘጋችና «ኦርፋ፣ ብቻሽን መኖሩ አልበጀሽም» አለችኝ።

እባክህ ልጄ፣ እንቅጩን ንገረኝ። እዚያ ሳጥን ውስጥ የሚስቀው ማን ነው?

ሰላምታዬን ከነናፍቆቱ ተቀበል፤
ኦርፋ


በርባንክ፣ ካሊፎርኒያ
ዲሴምበር 2 ቀን 1968

ለውድ አክስቴ ለኦርፋ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ። መልስ ሳልሰጥ ሰባት ሳምንት መቆየቴ ከንቀት አይደለም፤ ሥራ ወጥሮኝ ነው። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ፀጉሬ ጆሮዬን ሸፍኗል፤ ይህን ለእናቴ አይንገሩብኝ።

ደረሰኙን አልረሳሁትም። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ ባዶ መሆኔን አምኜ ነው የኖርኩት።

ስለጠየቁኝ ነገር፣ የሚስቁት ተመልካቾች ናቸው። ሰው ከሰው በመልክ ይመሳሰል የለ? ሳቅም እንደዚያው ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ማይክሮፎን መጠገን ስለሆነ ብዙም አላውቅም።

ሥራ ቤታችን ግን ደስ ይላል። አለቃችንን ሚስተር ትሬሜይንን ጨምሮ አራት ነን። አንዳችን ስናረፍድ «ከየት ነው?» እንባላለን፤ መልሱ «ከቁርስ!» ነው፤ ከዚያ ሁላችንም በሳቅ እንፈርሳለን። ከቀትር በኋላ ቢመጡም «ከቁርስ» ነው። ቀልዱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከእኔ በፊት ከነበሩት የወረስኩት ነው።

የጥርስ ሐኪሙን ፎቶግራፍ ከነፊርማው ልኬልዎታለሁ። ፊርማው የእሳቸው ነው ማለት ይቻላል።

ነብራስካን ከበረዶ፣ እርስዎን ከብርድ ይጠብቅልኝ፤
ሮይስ


ኤልም ፎርክ
ዲሴምበር 9 ቀን 1968

ለሮይስ፣

ጤና ይስጥልኝ። ፎቶግራፉ ደርሶኛል። ሰውየው አረንጓዴ አይደለም። ለሁልዳ ባሳያት «ፎቶው ነው የተበላሸው» አለችኝ። ይህች ሴት ስትሸነፍም ስትስቅም አይቼ አላውቅም።

የቁርሱን ቀልድ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም። ለነገሩ እኔ ቀልድ አልተፈጠረብኝም፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

አሁን ጆሮህን ስጠኝ። ተመልካቾች ናቸው አልክ። ታዲያ ግመሉ በረሃ መሀል አውራ ጎዳና ሲያቋርጥ ተመልካቹ የት ሆኖ ነው የሚስቀው? አሸዋው ላይ ወንበር ተደርድሮለት ነው? ደግሞ ማክሰኞ በሌላው ጣቢያ፣ ያ የባህር ሰርጓጅ መርከቡ ወጥ ቤት ሾርባ ሲደፋ፣ ኢቫር እዚያም ነበር። ዓርብም ባሏ ሰላይ መሆኑን በማታውቀው ሴትዮ ላይ ሳቀ። በሕይወት እያለ ከዚህ ከተማ ሁለቴ ብቻ የወጣ ሰው፣ ሞቶ በሳምንት ሦስት ቦታ ይዞራል።

የት እንደቀዳችሁትም አስቤ አስቤ ደረስኩበት። በ1957 በጋ ከገበሬዎች ማኅበር ጋር በአውቶቡስ ሆሊውድ መጥተን ነበር። ረፋዱ ላይ አንድ ረጅም ሰልፍ አየን። ኢቫር «ይሄን ያህል ሰው የተሰለፈለት የአሳማ ሃም ሳይቀመስማ አይታለፍም» አለ። እኛ ዘንድ ሰው ለምግብ ካልሆነ ለምን ይሰለፋል? ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመን ገባን። ጠረጴዛ የለም። ኢቫር አስተናጋጅ እስኪመጣ ብሎ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «አጨብጭቡ» የሚል ጽሑፍ በመብራት ሲበራ፣ ምግቡ የወጣ መስሎት ከሁሉም አስበልጦ አጨበጨበ። የወጣው ግን አንድ ቀልደኛ ነው። ከራሳችን በላይ ደግሞ ማይክሮፎን ተንጠልጥሎ ነበር። አንተ ጠጋኙ ነህና ታውቀዋለህ።

ስለዚህ አትዋሸኝ። ውሸታም ዘመድ አላነሰኝም።

አክስትህ ኦርፋ


(የዘንባባ ዛፍ ያለበት ፖስት ካርድ)
ጃንዋሪ 3 ቀን 1969

አክስቴ፣ እንኳን አደረስዎ። እባክዎ ከእንግዲህ በሥራ ቦታዬ አይጻፉልኝ፤ የቤቴ አድራሻ ከታች አለ። ስለዚያ ነገር ለማንም አይንገሩ። ከባድ ሚስጥር ነው። ሳቅ ይመሳሰላል ያልኩዎት ውሸት ነው።
ሮይስ


ኤልም ፎርክ
ጃንዋሪ 20 ቀን 1969

ለሮይስ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሚስጥር በፖስት ካርድ የሚጽፍ ሰው በአንተ አየሁ። የፖስታ ቤቷ ኤድና አንብባው፣ ለፀጉር ሠሪዋ አስነብባው፣ እኔ ጋ ሲደርስ ጠርዙ በፀጉር ዘይት ወዝቶ ነበር። አሁን ኤልም ፎርክ በሙሉ ከባድ ሚስጥር እንዳለኝ ያውቃል። ሚስጥሩ ምን እንደሆነ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሁልዳ የጓሮ ክፍሏን ሮዝ ቀለም አስቀብታልኛለች። ቤትሽን ሽጠሽ እኔ ጋ ግቢ፣ ሐኪምም ይይሽ ነው የምትለው። ሮዝ ክፍል ውስጥ ከመተኛት የግመሉ ጋራዥ ይሻለኛል። ጨርሰህ ጻፍልኝ እንጂ ልጄ!

ኦርፋ


በርባንክ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1969

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የምጽፈው። ይህንን አንብበው ምድጃ ውስጥ ይጨምሩት፤ ኤድና እጅ እንዳይገባ።

ማይክሮፎን ጠግኜ አላውቅም። ሥራዬ ሳቅ ነው። ሥራ ቤታችን ውስጥ የልብስ ሻንጣ የሚያህል፣ በቁልፍ የሚዘጋ ሳጥን አለ። እንደ ጽሕፈት መኪና የሚጫኑት ነገር አለው፤ እያንዳንዱን ስንጫነው በቴፕ የተቀዳ አንድ ሳቅ ይወጣል። ፊልሙን እያየን፣ የሚያስቀው ቦታ ላይ እንጫናለን። የማያስቀው ቦታ ላይ ደግሞ ጠንከር አድርገን እንጫናለን። ሳቆቹ ስም አላቸው፦ «ዶሮዋ»፣ «ሳል የያዘው ዳኛ»፣ «የመዘምራን ሴቶች»። ዘጠነኛው «አርፋጁ» ይባላል። ከሁሉም የምንወደው እሱን ነው። ሁሉም ስቆ ሲያበቃ አርፋጁ ብቅ ካለ፣ ቤቱ የተቀመጠው ሰው እንደገና ይስቃል።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ብቻዬን ሆኜ ዘጠነኛውን ተጫንኩት። የጎተራ በር ነው። አፍንጫ አለው፤ ትንፋሹም ያጥረዋል። አክስቴ፣ ልክ ነዎት። ሦስት ዓመት ሙሉ የገዛ ዘመዴን እንደ በር ደወል ስደውለው ነው የኖርኩት። በጣም አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ክፉው ወሬ ይኸውልዎ። በኤፕሪል መጨረሻ አሮጌዎቹ ሳቆች በሙሉ ይጠፋሉ። ጣቢያዎቹ ወጣት ሳቅ እንፈልጋለን ብለዋል። ዘንድሮ እዚህ ሁሉ ነገር ወጣት ነው። ስድሳ ዓመት የሆናቸው ሰውዬ እንኳ አንገታቸው ላይ ጨሌ አስረው አይቻለሁ። በአሮጌዎቹ ቴፖች ላይ አዲስ ይቀዳባቸዋል። ሚስተር ትሬሜይን የሳጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አያወርዱም። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ስለ ሳጥኑ ለመጽሔት አውርቶ በዚያው ቀን ተባሯል። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሮይስ


ኤልም ፎርክ
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1969

ለምወድህ ለሮይስ፣

እግዚአብሔር እውነት የተናገርክበትን እጅህን ይባርክልህ። ደብዳቤህን አላቃጠልኩትም፤ ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ነው። ወጣት ሳቅ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ጥርስ ይበዛዋል?

ለምን እንዲህ እንደምለምንህ ልንገርህ። እኔ የኢቫር ድምፅ የለኝም። ቴፕ የለኝም፤ ፎቶግራፎቹም ሁሉ አፉን ዘግቶ የተነሳቸው ናቸው። አፉን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሳቀ ቁጥር በክርኔ እየጎሸምኩ «ዝም በል ኢቫር፣ ሰው ያየናል» ስል ኖርኩ። በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ፣ ምንም ሳይባል ከት ብሎ ሳቀ። የአጠገቡ በሽተኛ እንዳይነቃ ብዬ ዝም አሰኘሁት። እሺ አለኝ፤ ዝም አለ። በምን እንደሳቀ ሳልጠይቀው አመለጠኝ። ይሄ ነው ሆዴን የሚበላኝ።

ሥራህን እንድታጣ ግን አልፈልግም። ካልሆነ ይቅር። እስከ ኤፕሪል ሐሙስ ሐሙስ አየዋለሁ።

ኦርፋ


በርባንክ
ማርች 30 ቀን 1969

ለውድ አክስቴ ለኦርፋ፣

ጤናና እድሜ ይስጥልኝ። ይህን ከማንበብዎ በፊት ይቀመጡ፤ ጉልበትዎን ያሳርፉ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ መደበቁ አስጠላኝ። ባለፈው ማክሰኞ ሆን ብዬ አርፍጄ ገባሁ። ሚስተር ትሬሜይን እንደ ወትሮው «ከየት ነው?» አሉኝ። «ከቁርስ» ማለት አቃተኝና «ከነብራስካ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቢሮ ይዘውኝ ገቡ፤ እኔም ሁሉንም ዘረገፍኩት። ለስንት ሰው እንዳወራሁ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«አርፋጁን ታውቀዋለህ? ስም አለው?» አሉኝ።

«ኢቫር ሊንድኲስት ይባላል። እህል መዛኝ ነበር፤ ሞቷል።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ቁምሳጥን ከፍተው፣ ከጀርባው አንድ አቧራ የጠጣ ቴፕ አወጡ። «እኔ ነኝ የቀዳሁት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ይከነክነኛል» አሉ። «ይሄ ሰው በምን እንደሳቀ አላውቅም። ቀልደኛው በዚያች ደቂቃ ምንም አላለም፤ ውሃ እየጠጣ ነበር።»

ሙሉውን አጫወቱልኝ። እኛ ሳጥኑ ውስጥ ያለን የመጀመሪያዋ ሳቅ ብቻ ናት፤ ቀጥሎ ንግግር ስላለበት ተቆርጧል። አጎት ኢቫር ይስቃሉ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ከዚያ በዚያ ባጠረ ትንፋሽ «ከቁርስ!» ይላሉ። «ከቁርስ አለችው! ኧረ ከቁርስ!» ወዲያው የሴት ድምፅ ይመጣል፦ «ዝም በል ኢቫር፣ ሰው ያየናል።»

አክስቴ፣ የሥራ ቤታችን ቀልድ የመጣው ከዚያ ነው። ሚስተር ትሬሜይን ያኔ ለጓደኞቻቸው አሰምተው፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁ ሲሉት ሲሉት ለእኔ ደረሰ። ቅጂውን ልኬልዎታለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የጠቀለሉት። በምትኩ የፈለጉት አንድ ነገር ነው። «ማን ናት፣ ለማንስ ነው ከቁርስ ያለችው? ጽፋ ታሳርፈኝ» ብለዋል።

እርስዎ ነዎት አይደል?

ሮይስ


ኤልም ፎርክ
ኤፕሪል 28 ቀን 1969

ለምወድህ፣ ባዶ ላልሆንከው ለሮይስ፣

እግዚአብሔር እንደ ልብህ ያድርግልህ። ለሚስተር ትሬሜይንም እንቅልፍ ይስጣቸው፤ ነገሩ ይኸውላቸው።

ደብዳቤህን ሳነብ እኔ መሆኔን እንኳ አላስታወስኩም ነበር። ዕቃ እያጠብኩ ድንገት ትዝ አለኝ። ሰልፉ ጫፍ ላይ ቀይ ኮት የለበሰ ጎረምሳ በር ላይ ቆሞ፣ የሚገባውን ሁሉ «ከየት ነው የመጣችሁት?» ይላል። ከፊታችን ያለው ከኦሃዮ አለው፤ ቀጥሎ ያለችው ከቴክሳስ። የእኔ እግር አብጧል፣ ሆዴ ይጮሃል፣ ሃሙም የለ። እኔ ስደርስ «እርስዎስ እናቴ፣ ከየት ነው?» ሲለኝ «ከቁርስ!» ብዬው ገባሁ። በንዴት ነው እንጂ ቀልድ አልነበረም። የኢቫር ፊት ያኔ ንቅንቅ አላለም። ውስጥ ተቀምጠን ብዙ ከቆየን በኋላ ነው የገባው። እኔ ደግሞ በዚያ ቀልደኛ የሳቀ መስሎኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት አሜሪካን ሲያስቅ የኖረው ሰውዬ የሳቀው በእኔ ነው፣ ቀልድ አልተፈጠረባትም በምትባለው። እኔ ደግሞ ዝም በል አልኩት።

ቴፑን በፓስተሩ ማጫወቻ ሐሙስ ዕለት ሳሎኔ ውስጥ ከፈትነው። ኤድናም መጣች፤ ማን እንደጠራት አላውቅም። ሁልዳ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ኢቫር ሳቀ። አለቀስኩ፤ ግን ጥሩ ልቅሶ ነው። ሁልዳ ፊቷ ነጣ። «ኢቫር ነው» አለች። «ይቅርታ አድርጊልኝ ኦርፋ። ሮዙ ክፍል ላንቺ መሆኑ ቀርቷል፤ ቴሌቪዥኑን አስገባበታለሁ።» የቁርሱን ነገርም አስረዳኋት። ከልቧ ሰማችኝና «ታዲያ ምኑ ያስቃል?» ብላ ቤቷ ሄደች።

ትናንት እሑድ ነበር። ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የጋራ ምሳ ነበረን። ሁልዳ ያንን ካሮት ያለበትን፣ ጄላቲን የሚሉትን አረንጓዴ የረጋ ጣፋጯን እያከፋፈለች ነው። ፓስተሩ ስለ ጣሪያው ጥገና እየተናገሩ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሏል። ድንገት ሁልዳ ማንኪያዋን እንደያዘች ቆመች። አፍንጫዋ ውስጥ አንድ ነገር ጀመረ። ከዚያ ያ የዛገ የጎተራ በር ተከፈተ፣ ሮይስ! ጄላቲኑ በሳህኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ «ከቁርስ!» አለች። «ኦርፋ... ከቁርስ አልሽው!» ትንፋሽ አጠራት፤ ጠረጴዛውን ይዛ እንባዋ ወረደ። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ይሄ ሳቅ እስካሁን የት እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ።

ፓስተሩ ንግግራቸውን አቋረጡ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኛን ያያል። ክርኔ እንደ ልማዱ ሊነሳ ሲል ያዝኩት። ዝም በይ አላልኳትም፤ አብሬያት ሳቅሁ።

አክስትህ ኦርፋ